የጓዳው ግድግዳ

ሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ግድግዳውን ነው። ሶፋና መጋረጃ ማንም ይገዛል፤ ግድግዳ ግን ባለቤቱን ያጋልጣል። ይህን አመል ያወረሰችኝ እናቴ ናት። ከደሴ ወጣ ብሎ በነበረው ቤታችን፣ አረፋ ሲቃረብ ማንም ሳይነግራት እጅጌዋን ሰብስባ እበትና አመድ ትለውስና ዓመቱን ሙሉ የተሰነጣጠቀውን ግድግዳ በመዳፏ እየደፈነች ታለሰልሰዋለች። ስንጥቅ ያየ እንግዳ ገመና አየ ማለት ነው ትላለች። እኔም በዚህ አምኜ ነው ያደግሁት። ታዲያ ይኸው እምነቴ ሆላንድ አገር ውስጥ አንድ አዛውንት ለሳኝን ከሥራቸው ሊያስባርራቸው ጥቂት ነበር የቀረው።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 2010ዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። የምኖረው ሮተርዳም አጠገብ ባለችው ቭላርዲንገን ነበር። ሥራ አገናኙ ቢሮ፣ እዚህ አውትዘንድቢሮ የምንለው፣ ለጽዳት ያልላከኝ ቦታ የለም፤ መጋዘን፣ ትምህርት ቤት፣ የጥርስ ሐኪም ቤት። ጽዳት እችላለሁ። ጉራ አይደለም፤ እኔ ያጸዳሁትን ቤት ሌላ ሰው ልድገመው አይልም። አንድ ቀን አዲስ አድራሻ ተሰጠኝ። በቭላርዲንገንና በሄግ መካከል ባለው የላም ሜዳ ውስጥ፣ በብስክሌት ሃያ አምስት ደቂቃ የሚያስኬድ፣ እድሳት ላይ ያለ ትልቅ አሮጌ ቤት ነበር።

የአካባቢው ሰው «የፈረንሳዩ ቤት» ይለዋል። ፈረንሳዊ ግን ኖሮበት አያውቅም። ያሠራው በአሥራ ስምንተኛው ምዕተ ዓመት የነበረ አንድ የሮተርዳም ስኳር ነጋዴ ነው። ለንግድ ፈረንሳይ ሄዶ የባላባቶቹን የገጠር ቤት ሲያይ ልቡ ጠፋና፣ ያንኑ በአገሬ ካልተከልሁ አለ። ከወለል የሚነሡ ረጃጅም መስኮቶች፣ ሾጣጣ ጥቁር ጣሪያ፣ ግራና ቀኙ መንታ የሆነ ፊት። የረሳው አንድ ነገር ብቻ ነው። የፈረንሳዮቹ ቤት የቆመው ደረቅ መሬት ላይ ነው፤ የእሱ ግን ረግረግ ላይ። ቤቱ ገና ነጋዴው በሕይወት እያለ ወደ ቦዩ ማዘንበል ጀመረ ይባላል። እኔ በደረስኩበት ጊዜ፣ ሳሎኑ ውስጥ የወደቀ የሳሙና ጠርሙስ ማንም ሳይገፋው ተንከባሎ ጥግ ይገባ ነበር።

ከነጋዴው በኋላ ልጆቹ ኖሩበት። ከዚያ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ሆነ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደር ሰፈረበት፣ ኋላም የአረጋውያን መጦሪያ፣ ቀጥሎ ቢሮ፣ በመጨረሻም የርግብ መንደር። ሁሉም በየተራው ግድግዳውን ቀብቶታል። ይህን ታሪክ የነገረችኝ የእድሳቱ ኃላፊ ናት፤ ከሄግ የምትመጣ፣ እኩያዬ የምትሆን ረጅም ሴት። ስኳሩ ባሕር ማዶ በባርነት በተያዙ ሰዎች ጉልበት የተመረተ መሆኑንም ሳትደብቅ ነገረችኝ። የነጋዴው ስም በሩ ላይ ተቀርጿል፤ የሳሎኑን ጣሪያ ያስጌጡት ባለሙያዎች ስም በወረቀት ተጽፎ ተቀምጧል። ስኳሩን ያመረቱትና ቤቱን ያጠቡት ሰዎች ስም ግን የትም የለም። ይህ አናደደኝ፤ እኔም አጣቢ ነኝና።

የልስኑ ሥራ በአንድ ሽማግሌ እጅ ነበር። የሮተርዳም ሰው ናቸው፤ ሰባ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ቅንድባቸው ላይ ኖራ የማይጠፋ። ሌላው ሠራተኛ ሁሉ፣ ኃላፊዋም ጭምር፣ በስማቸው ይጠራቸዋል። እኔ ግን አባቴን የሚያህል ሰው በስም ልጥራ ብል ምላሴ አይታዘዘኝም። «ሜኔር» እላቸዋለሁ፣ ጌታዬ እንደማለት።

«ሜኔር የምትዪው ማንን ነው?» አሉኝ አንድ ቀን። «አባቴ ከሞተ ቆየ።»

«እርስዎን ነዋ።»

«እኔ ሜኔር አይደለሁም፤ ለሳኝ ነኝ።»

«እንግዲያ ሜኔር ለሳኝ ልበልዎት?» ብላቸው ሳቁና ተዉኝ።

የተቀራረብነው በፍየል ፀጉር ምክንያት ነው። ኖራና አሸዋ እያቦኩ ፀጉር ሲበትኑበት አየሁና ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ልስኑ እንዳይሰነጠቅ ያያይዘዋል አሉኝ። እኔም ጭቃ ስናቦካ ጭድ እንደምንጨምርበት፣ በእግራችን እንደምንረግጠው፣ ከመመረጉ በፊት ቀናት እንደምናሳድረው ነገርኋቸው። ሥራቸውን አቁመው ሰሙኝ። «ስንት ቀን ታሳድሩታላችሁ?» አሉ። እንደ አየሩ ይለያያል ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የኖራም ነገር እንደዚያው ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየዕረፍቱ ሰዓት ዳቦዬን በአንድ እጄ ይዤ በሌላው ፍራታሶ፣ የልስን ማለስለሻውን፣ መጠቀም ተማርሁ። አንድ የማይወዱልኝ ነገር ነበር። ዞር ሲሉ ፍራታሶውን አስቀምጥና በጓንት በመዳፌ አለሰልሳለሁ። «መሣሪያው ለምን የተሠራ ይመስልሻል?» ይሉኛል። መዳፌ ግን ከመሣሪያው በፊት ነው የተማረው።

በጋው ሲያልቅ ኃላፊዋ ዘንድ ገባሁና «መጥረጊያውን ትቼ ከሳቸው ልስን መማር እፈልጋለሁ» አልኋት። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድሁም። እሷም አልሄደችም። ሁለተኛው ዙር እድሳት ሊጀመር ነው፤ ሽማግሌው ግን ይቀጥሉ ወይስ በሌላ ይተኩ ገና አልተወሰነም። እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። የቅርስ ባለሙያዎች መጥተው ሥራቸውን ካዩ በኋላ ይወሰናል።

«እሱ ከቆየ ያስተምርሻል» አለችኝ። «ከሄደ ግን የሚተካው ሰው የራሱን ረዳት ይዞ ነው የሚመጣው።»

ነገሩ ግልጽ ነበር። እሳቸው ከቆዩ ለሳኝ እሆናለሁ፤ ከሄዱ ወደ ባልዲና መጥረጊያዬ እመለሳለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለራሴ ከምጸልየው በላይ ለሽማግሌው እጅ ጸለይሁ።

የባለሙያዎቹ ጉብኝት ከአረፋ ጋር ተገጣጠመ። እኔ ለበዓሉ ፈቃድ ወስጄ ስለነበር፣ በዋዜማው ቤቱን ለእንግዶቹ አሰማምሬው ልሂድ ብዬ ከላይ እስከ ታች አጠብሁት። ሽማግሌው ያን ቀን ለዓይናቸው ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበራቸውና አልመጡም። ከሰዓት በኋላ የቀረችኝ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለችው ጓዳ ብቻ ነበረች። እሳቸው ሦስት ሳምንት ሙሉ በሯን ዘግተው ሲሠሩባት የከረሙት ናት። በሩን ከፍቼ ግድግዳውን ሳይ ደነገጥሁ።

ከጥጉ ይዞ የበር ግማሽ የሚያህል ቦታ ዶሮ የጫረው መስሎ ቆሟል። ጎርባጣ ነው፣ ጭረት በጭረት ነው፣ ቀለሙም ገርጥቷል። ሌላው ግድግዳ ሁሉ ልሙጥ ሆኖ እሱ ብቻ እንደ ቁስል ይታያል። እኔም እዚያው ቆሜ ፈረድሁ። እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸው የጀመሩትን መጨረስ አቅቷቸዋል፤ አፍረውም ለማንም አልተናገሩም። ነገ እንግዶቹ ይህን አይተው ያሰናብቷቸዋል።

ኃላፊዋ ፎቅ ላይ ነበረች። ወጥቼ ብጠይቃት ነገሩ በሁለት ደቂቃ ያልቅ ነበር። ግን የሰው ገመና እንዴት ይጠየቃል? ጠየቅሁ ማለት አጋለጥሁ ማለት ነው። እኛ ዘንድ የወዳጁን ጉድለት ያየ ሰው እንዳላየ ሆኖ ይሞላል፤ የተሞላለትም እንዳላወቀ ይሆናል፤ ፍቅርም እንዲሁ ይቀጥላል። ባልዲ ውስጥ የተረፈ ጥሩ ኖራ ነበር። ጓንቴን አጠለቅሁ፣ ግድግዳውን አራስሁ፣ ቢስሚላህ ብዬ በመዳፌ ለሰንሁት። ስጨርስ ቁስሉ የት እንደነበር ራሴም አላውቀውም ነበር። ብስክሌቴን እየነዳሁ፣ እያንጎራጎርሁ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

በማግሥቱ ሮተርዳም ሄጄ የአረፋን ሶላት ሰገድሁ። ከወሎና ከአዲስ አበባ ልጆች ጋር ተሰብስበን በላን፣ ተጫወትን። እኔ ግን መሐል ላይ ጓዳዬ ትዝ ትለኝና ፈገግ እላለሁ።

«አንቺ ዛሬ ምን አግኝተሽ ነው?» አለችኝ አንዷ።

«ሥራ» አልኋት። ገና ምንም ሳይያዝ።

ከበዓሉ ማግሥት ለሽማግሌው በሳህን ሥጋ ቋጥሬ ገባሁ። ኃላፊዋ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆማ ነበር። ፊቷ ልክ አልነበረም። ምን ሆነሽ ብላት ወደ ጓዳው በአገጯ አመለከተችኝና ነገረችኝ። ቤቱ በተሠራ ጊዜ የተለሰነው የመጀመሪያው ልስን በሌላው ክፍል ሁሉ ጠፍቷል። የተረፈው በዚያች ጓዳ፣ ከትልቅ ቁም ሣጥን ጀርባ ብቻ ነበር። ሽማግሌው ሦስት ሳምንት ሙሉ በላዩ የተደራረበውን ቀለም ጥፍር በምታህል ቁራጭ እያነሡ እሱን ነበር ያወጡት። ባለሙያዎቹም ከሁሉ ይልቅ ሊያዩ የመጡት ያንን ነው። በሩን ሲከፍቱ ያገኙት ልሙጥ ነጭ ግድግዳ ሆነ።

የሳህኑን ቋጠሮ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሁት።

«ማን ለሰነው?» አልሁ።

«እሱ ራሱ። ባለሙያዎቹ ፊት ጠየቅሁት። እኔ ነኝ፣ ለምን እንደሆነ ግን አላስታውስም አለኝ።» ዓይኗን ከእኔ አዞረች። «ዓርብ የመጨረሻ ቀኑ ነው።»

ሽማግሌውን ያገኘኋቸው ግቢ ውስጥ መሣሪያቸውን ሲያጥቡ ነው። ቀድመው ሰላም አሉኝ፣ በዓሉ እንዴት ነበር አሉኝ።

«ሜኔር፣ ያንን ግድግዳ እርስዎ አልለሰኑትም» አልኋቸው።

«አልለሰንሁትም።»

«ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አሉ?»

«ሃምሳ ዓመት ለስኜ በመዳፍ የተለሰነ ግድግዳ የማላውቅ ይመስልሻል?» ፍራታሷቸውን በጨርቅ አደረቁ። «ገና ሳየው አወቅሁ። እውነቱን ብናገር የዚያኑ ቀን ያባርሩሽ ነበር። እኔ ዛሬ ካልሄድሁ ነገ እሄዳለሁ። አንቺ ገና ወደ ሙያው ልትገቢ ነው።»

አለቀስሁ። ገመና መሸፈን የእኛ ብቻ ነው ብዬ እኮራ ነበር። እዚህ አገር ሰው የመሰለውን ፊት ለፊት ነው የሚናገረው፤ እሳቸውም ከሁሉ የባሱ ነበሩ፤ አንድ ጊዜ ለኃላፊዋ የመረጠችው ቀለም የሕመምተኛ ፊት ይመስላል ብለዋታል። እኚህ ሰው የእኛን ነገር ለእኔ ሲያደርጉልኝ ነው ሸክሙ ምን ያህል እንደሆነ የገባኝ። እጃቸው ደክሟል መባሉ አንሶ አእምሯቸውም ተነካ ተባለ። ስማቸውን ነው የሰጡኝ። እኔ ደግሞ ይህን ተቀብዬ መጥረጊያዬን ይዤ ልቆም ነው? አይሆንም አልሁ።

ዕንባዬን ጠርጌ ወደ ወጥ ቤቱ ተመለስሁ።

«የለሰንሁት እኔ ነኝ» አልኋት ኃላፊዋን። «በበዓሉ ዋዜማ፣ ባልዲ ውስጥ በተረፈው ኖራ። እሳቸው ሐኪም ቤት ነበሩ፤ ምንም አያውቁም።»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ብጠይቅሽ ሥራቸው ተበላሽቷል ብዬ መናገሬ ነበር።»

«አልተበላሸም ነበር እኮ!»

«አሁን አወቅሁ።»

ተቆጣች፤ እውነቷን ነው። የሦስት ሳምንት ሥራ፣ የስንት ዘመን ልስን፣ የእንግዶቹ ድካም፣ ሁሉንም ዘረዘረችልኝ። ጨርሳ ትንፋሽ እስክትወስድ ጠበቅኋት። «አባርሪኝ፣ ግን መጀመሪያ ያበላሸሁትን ላንሣ» አልኋት። «ኖራው ገና ሁለት ቀኑ ነው፣ ለጋ ነው። በየሰዓቱ ግን እየጠነከረ ይሄዳል። ቆመን ባወራን ቁጥር ይብስበታል።» ይህ ድፍረት ከየት መጣ የሚለኝ ካለ፣ ከማወቅ ነው። ኖራ አውቃለሁ።

ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ኖሯል። ኃላፊዋ ወደ እሳቸው ዞራ «ይነሣል?» አለች።

«በጥንቃቄ ከሆነ ይነሣል» አሉ። «እሷ ታነሣለች። እኔ አጠገቧ እቆማለሁ።»

ብረት የሚባል ነገር ከለከሉኝ። የሰጡኝ እርጥብ ስፖንጅና ከእንጨት ተጠርቦ የለሰለሰ ስንጥር ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ በአንድ ሰዓት ያፈሰስሁትን በሦስት ቀን ለቀምሁት። ወገቤ ተቆረጠ፣ ጣቶቼ ተላጡ። እሳቸው መብራት ይዘው አጠገቤ ይቆማሉ፤ ስፈጥን «ቀስ» ይላሉ፣ ሌላ ቃል አይወጣቸውም።

በሁለተኛው ቀን የድሮው ልስን ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ። ዶሮ የጫረው ያልሁት ነገር እንዲሁ ጭረት አልነበረም። ከታች ተነሥቶ የሚጎብጥ ቅስት አለ፣ በላዩ ሌላ ቅስት፣ እያንዳንዱም አራት አራት መስመር አለው።

«ሜኔር፣ ይሄ በምን ተለሰነ ይላሉ?»

«ጥርስ ባለው መሣሪያ የተጫረ ነው። የሚቀጥለው ልስን እንዲይዝ።»

«አይደለም። እጅ ነው።»

ግድግዳውን ሳልነካ ቀኝ እጄን አስጠጋሁ፤ ከቅስቱ ጋር አልሄደም። ግራዬን አስጠጋሁ፤ ልክ ገባ። «ግራኝ ናት» አልኋቸው።

«ናት?»

«ሴት ናት። ጥጉን ይዩት። መሣሪያ ቢሆን ኖሮ ጥግ ሲደርስ ስለታም መስመር ይተው ነበር። ይቺ ግን በአውራ ጣቷ ጠርጋ ነው የዞረችው። እናቴ እንደዚሁ ነው የምታደርገው። ቁመቷም አጭር ነው፤ ላይኛው ቅስት እየሳሳ የሄደው ተንጠራርታ ስለለሰነችው ነው።»

መብራቱን ወደ ጎን አዙረው ያዙት። ጥላው ሲወድቅበት ጣቶቹ አንድ በአንድ ታዩ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ጥጉን አዩ። በድሮ ጊዜ ወጥ ቤትና ጓዳ ኖራ የሚቀቡት ገረዶች እንደነበሩ ከአያታቸው መስማታቸውን ነገሩኝ። «ሦስት ሳምንት አፍንጫዬን ለጥፌባት አላየኋትም» አሉ። እኔ በዚያች ሰዓት የተሰማኝን በሌላ ቀን ተሰምቶኝ አያውቅም። ስሙ በሩ ላይ ከተቀረጸው ነጋዴ ይልቅ ይቺ ሴት ዘመዴ ነበረች።

ኃላፊዋ መጥታ አየች፣ ፎቶ አነሣች፣ በሪፖርቷም «ምናልባት የሴት ሠራተኛ እጅ» ብላ ጻፈች። ምናልባት የሚለውን ምን አመጣው ብላት፣ ማስረጃ ያስፈልገዋል አለችኝ። ማስረጃው ግድግዳው ላይ ነው አልኋት። እስከ ዛሬ አልተግባባንም። ሌላ አንቀጽ ግን እኔ ነኝ ያስጻፍኋት፤ ይህን ቦታ በስህተት የለሰነችው የጽዳት ሠራተኛዋ እንደሆነች፣ ለሳኙ በነገሩ እጃቸው እንደሌለበት። አያስፈልግም፣ ተነሥቷል እኮ፣ አለችኝ። «ጻፊው» አልኋት። እንዲህ ሆኖ ገመናዬ በሆላንድ መዝገብ ገባ። ቤቱ እስካለ ድረስ ይኖራል፤ ይኑር።

በሦስተኛው ቀን ማታ ማታ ሲል፣ ከወለሉ አጠገብ መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ ስትቀረኝ ሽማግሌው እጄን ያዙ።

«እሷን ተያት።»

«ጥፋቴን?»

«እዚህ ግድግዳ ላይ እጇን ያሳረፈች ሁሉ ትታይ» አሉ፣ መብራታቸውንም አጠፉ።

ባለሙያዎቹ በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። ጓዳዋ ውስጥ ተጣበው፣ ተንበርክከው፣ በየተራ ግራ እጃቸውን ሲያስጠጉ በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ሽማግሌው ለሁለተኛው ዙር እንዲቀጥሉ ተወሰነ። እኔም አልተባረርሁም። ከኃላፊዋ የተሰጠኝ ቅጣት ለሦስት ወር ሳልጠይቅ ምንም ነገር እንዳልነካ ነው። እኔም ጠየቅኋታ። ይቺን ሚስማር ልንቀላት? ይህን ባልዲ ወደ ግራ ላድርገው? ይህ አቧራ ታሪካዊ ነው ወይስ ልጥረገው? ወር ሳይሞላ በቃሽ ብላ ራሷ ፍራታሶ ሰጠችኝ።

ቤቱ ለጎብኚ ሊከፈት ሲቃረብ የጓዳውን ግድግዳ ፎቶ አንሥቼ ደሴ ላለችው እህቴ ላክሁ፤ ለእናታችን አሳዪልኝ ብዬ። ስለ ግድግዳው ምንም አልጻፍሁም። ወዲያው ደወሉ።

«ይቺ ግራኝ ናት» አለች እናቴ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ። «ሥራዋ ንጹሕ ነው። ማን ናት?»

«አላውቃትም እማዬ። ከሞተች ብዙ ዘመኗ ነው።»

«ነፍሷን ይማር። እታች ያለችው ደግሞ ያንቺ ናት። ዛሬም ትቸኩያለሽ።»

ምንም መሸሸጊያ አልነበረኝምና ሁሉንም ነገርኋት። ዋዜማውን፣ መዳፌን፣ እኔ ነኝ ያሉትን ሽማግሌ።

«ሰውየውስ?» አለችኝ። «አሁንም ሥራቸው ላይ ናቸው?»

«አሉ እማዬ። ነገም አብረን ነው የምንገባው።»

«እንግዲያ ግድግዳው ደኅና ነው» አለች።